ወደ ኋላ የዞረው ሸክላ



በወጣቶች መካከል ስለ ሮክ ሙዚቃ ወሬ በተነሣ ቍጥር ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ይኸውም «ሌድ ዜፕሊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በአንድ ዘፈኑ ውስጥ ለሰይጣን የቀረበ ውዳሴ ደብቋል፤ ሸክላው ወደ ኋላ ሲዞር ውዳሴው በግልጽ ይሰማል» የሚለው ነው። ይህን ከልባቸው የሚያምኑ አሉ፤ ሰምተው የሚሥቁም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ግን ብዙውን ጊዜ ሸክላውን ራሱን አልመረመሩትም። እኔ ነገሩ በሣቅ ሊታለፍ አይገባውም ባይ ነኝ። ምክንያቱም ክሱ እውነት ከሆነ ጆሯችንን ልንጠብቅ ይገባናል፤ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ የምናስተላልፈው እኛ ነንና በሰው ላይ በሐሰት የመሰከርነው እኛው ነን ማለት ነው። ስለዚህ ስለ አልበሙ የተረጋገጠውን ለማቅረብ እሞክራለሁ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አልበሙ ለገበያ የቀረበው ኖቬምበር 8 ቀን 1971 ነው። የባንዱ አባላት አራት ነበሩ፤ ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ፣ ድምፃዊው ሮበርት ፕላንት፣ ባስ ጊታርና ኦርጋን የሚጫወተው ጆን ፖል ጆንስ፣ እንዲሁም ድራም መቺው ጆን ቦናም። ከዚያ በፊት በ1970 ያወጡት ሦስተኛው አልበማቸው በጋዜጠኞች ዘንድ ቀዝቀዝ ያለ አቀባበል ገጥሞት ነበር። ፔጅ በዚህ ተቈጥቶ የሚቀጥለው አልበም ያለ ስም እንዲወጣ ወሰነ። በውጭው ሽፋን ላይ የባንዱ ስም የለም፤ የአልበሙም ርእስ የለም። «ሙዚቃው ራሱ ይናገር» ማለቱ ነበር። አሳታሚው የአትላንቲክ ኩባንያ ይህ በገዛ እጅ ገበያን መዝጋት ነው ብሎ ቢቃወምም አልተሰማም። ሸክላው ግን በአሜሪካ ብቻ 24 ጊዜ የፕላቲነም ማረጋገጫ እስኪያገኝ ድረስ ተሸጠ። አንድ ፕላቲነም አንድ ሚሊዮን ቅጂ መሆኑን ልብ ይሏል። ዛሬ ሰዎች «አራተኛው አልበም» የሚሉት ሌላ ስም ስለሌለው ነው።

እንግዲህ ስም የሌለው ነገር ሁሉ ስም አውጪ አያጣም። በርእሱ ፈንታ አራቱ አባላት ለየራሳቸው አንዳንድ ምልክት መረጡ። ጆንስና ቦናም የወሰዱት ሩዶልፍ ኮክ የተባለ ጀርመናዊ ካዘጋጀው የምልክቶች መጽሐፍ ነው፤ የቦናም ሦስት የተጠላለፉ ቀለበቶች ናቸው። የፕላንት በክብ ውስጥ ያለች ላባ ናት። የፔጅ ግን ሲያዩት «ዞሶ» የሚል ጽሑፍ ይመስላል፤ ትርጕሙንም ባለቤቱ አልገለጠም። በአንድ ዘፈን ላይ አብራቸው የዘፈነችው ሳንዲ ዴኒም የራሷ ምልክት ተሰጥቷታል። ምልክት አውጥቶ ትርጕሙን መደበቅ ወሬ ጠርቶ ወንበር መስጠት ይመስለኛል፤ ከዚህ በኋላ የመጣውም እንግዳ ብዙ ነው።

የሽፋኑን ሥዕል እንመልከት። አንድ ጎንበስ ያለ ሽማግሌ በጀርባው የእንጨት ሸክም ተሸክሞ ይታያል። ሥዕሉ በፍሬም ሆኖ ወረቀቱ በተላላጠ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሽፋኑ ሲዘረጋ ከተላላጠው ግድግዳ ወዲያ በእንግሊዝ አገር የሚገኝ ባለ ብዙ ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ይታያል። ያለፈውና የመጣው ዘመን ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ሽማግሌውን ግን አንዳንዶች ስመ ጥር ጠንቋይ ነው አሉ፤ ሌላም ሌላም አሉ። በ2023 አንድ የዌስት ኦቭ ኢንግላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በአሮጌ የፎቶግራፍ ጥራዝ ውስጥ ዋናውን ፎቶግራፍ አገኘው። ፎቶግራፉ በ1892 ዓመት አካባቢ የተነሣ ሲሆን፣ ሰውዬውም በዊልትሸር አውራጃ ይኖር የነበረ ሎት ሎንግ የሚባል የሣር ክዳን ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም። በጀርባው የተሸከመው የሙያው ዕቃ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በጠንቋይነት ሲታማ የኖረው ሰው ቤት ሲከድን የኖረ ምስኪን ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ነገር ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳያጋድል የውስጡንም ልንገራችሁ። ሽፋኑ ሲገለጥ በተራራ ጫፍ ላይ ፋኖስ ይዞ የቆመ ባሕታዊ መሰል አረጋዊ ተሥሎበታል። ይህ ሥዕል የተወሰደው ታሮት ከሚባለው፣ ዕጣ ፈንታን ለማወቅ ለጥንቈላ ከሚዘረጋው ካርታ ነው። ይህ ወሬ ሳይሆን በዐይን የሚታይ ነገር ነው። በእኔ አስተያየት በዚህ ቅር የተሰኘ ሰው የተሰኘበት በቂ ምክንያት አለው።

ወደ ዘፈኖቹ ስንመጣ ስምንት ናቸው፤ በውስጣቸውም የተሸሸጉ ነገሮች በርግጥ አሉ። የመጀመሪያው ዘፈን «ጥቁር ውሻ» ይባላል። ጥቁር ውሻ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ርኵስ መንፈስ ይሄዳል። እውነቱ ግን ባንዱ በሚቀዳበት ግቢ አካባቢ ይዞር የነበረ ስሙ የማይታወቅ ጥቁር ውሻ ነበረ፤ ዘፈኑ ርእስ ስላልነበረው ስሙን ከእርሱ አገኘ። በግጥሙ ውስጥ ውሻ የሚባል ነገር የለም። «አራት ዱላ» የሚለው ደግሞ ቦናም በየእጁ ሁለት ሁለት የድራም መምቻ ይዞ ስለመታው ነው። «የኤቨርሞር ጦርነት» የተባለው በጥቁር ስለሚጋልቡ መናፍስት የሚናገረው ከቶልኪን መጽሐፍ ተወስዶ ነው፤ «የጭጋግ ተራሮች» የሚለውም የቶልኪን ስም ነው። ቶልኪን አጥባቂ ካቶሊካዊ ነበር። አስማት ፍለጋ ሸክላውን የሚመረምር ሰው መጨረሻው አንድ ክርስቲያን ፕሮፌሰር በጻፈው ልብ ወለድ በር ላይ መሆኑ ትንሽ ያስገርማል።

ከሁሉ የበለጠ ሊመረመር የሚገባው የመጨረሻው ዘፈን ነው። ስለ ግድብ መፍረስ የሚናገር ነው። ይህን ዘፈን አስቀድመው በ1929 በሸክላ ያስቀረጹት ሜምፊስ ሚኒና ካንሳስ ጆ ማኮይ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት ናቸው። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ግድቡን ጥሶ ከ600,000 በላይ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። ከእነዚህ መካከል እጅግ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ወንዶቹም በግዳጅ አሸዋ እየተሸከሙ ግድብ እንዲያጠናክሩ ተደርገዋል። ዘፈኑ የዚህ መከራ ልጅ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል፣ በ1795 ለድኾች መጠለያ ተብሎ በተሠራ የገጠር ቤት ውስጥ እንደገና ቀዱት። የቦናምን ድራም ከደረጃው ሥር ካለው አዳራሽ አስቀምጠው ማይክራፎኖቹን ከላይ ከደረጃው ላይ ሰቀሏቸው፤ ያ ከሩቅ እንደ ነጐድጓድ የሚያስተጋባው ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። በሸክላው ላይ ከራሳቸው ስም ጋር የሜምፊስ ሚኒን ስም አስፍረዋል። በ1929 ሸክላ ላይ በድምፁ የዘፈነውን የካንሳስ ጆን ስም ግን አላሰፈሩም። «ሮክ ኤንድ ሮል» በሚለው ዘፈን መነሻ ላይ ያለውም የድራም አመታት ሊትል ሪቻርድ በ1957 ካወጣው ዘፈን የተወሰደ ነው።

እንግዲህ በዚህ አልበም ውስጥ የተደበቀ ሰው ካለ በእኔ ግምት እነዚህ ናቸው። እነርሱን ለማግኘት ሸክላውን መገልበጥ አያስፈልግም፤ የቀደሙትን ሸክላዎች ማዳመጥ ብቻ ይበቃል። ይሁን እንጂ በእነርሱ ምክንያት ሸክላ የሰበረ፣ ስብሰባም የጠራ ሰባኪ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ክስ እንግባ። ክሱ የቀረበበት «ወደ ሰማይ የሚያወጣ ደረጃ» የተባለው ዘፈን ነው። ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ በቀስታ በጊታርና በዋሽንት ጀምሮ ወደ ከፍተኛ ጩኸት ያድጋል። ፕላንት አብዛኛውን ግጥም በሄድሊ ግሬንጅ በእሳት አጠገብ ተቀምጦ ሲጽፍ 22 ዓመቱ ነበር፤ የብዙዎቻችን ዕድሜ ማለት ነው። ዘፈኑ ከወጣ ከዐሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ1982 መጀመሪያ በካሊፎርኒያ በአንድ የክርስቲያን ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ዘፈኑ ወደ ኋላ ሲዞር ሰይጣንን የሚያወድስ ቃል ይሰማል ተባለ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ ሳይቀር ዘፈኑን ወደ ኋላ አስዙሮ አዳመጠ። የባንዱ ኩባንያ ስዋን ሶንግ የሰጠው መልስ ማጫወቻዎቹ የሚዞሩት ወደ ፊት ብቻ መሆኑን በቀልድ የሚገልጽ ነበር። ጨዋታው አሳቂ ቢሆንም ልጁ ምን እያዳመጠ እንደሆነ ለጨነቀው ወላጅ መልስ አይሆንም።

መልሱ ከድምፅ ጠባይ ሊገኝ ይገባል። በመጀመሪያ ወደ ኋላ የተቀዳ ቃል በሮክ ውስጥ ፈጽሞ የለም ማለት ስሕተት ነው። ቢትልስ በ1966 «ዝናብ» በሚለው ዘፈናቸው መጨረሻ ላይ የተገለበጠ ድምፅ ሆን ብለው አግብተዋል። ኤሌክትሪክ ላይት ኦርኬስትራ የተባለው ባንድም በ1975 እንዲሁ አድርጓል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ክፍል ወደ ፊት ሲሰማ ቋንቋ አይደለም፤ ትርጕም የሌለው ጕርምርምታ ነው። ሲገለበጥ ነው ንግግር የሚሆነው። በተከሰሰው ዘፈን ውስጥ ግን የተጠቀሰው ስፍራ ወደ ፊት ሲሰማ ማንም የሚረዳው ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ክሱ እውነት እንዲሆን ፕላንት በሁለቱም አቅጣጫ ትርጕም የሚሰጥ ዐረፍተ ነገር፣ ያውም በዜማ፣ አዘጋጅቶ መሆን አለበት።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በራሳችን ቋንቋ እንየው። «ሰላም» የሚለውን ቃል በወረቀት ላይ ፊደሉን ብትገለብጡት «ምላሰ» ይሆናል። በድምፅ ስትገለብጡት ግን ተነባቢውና አናባቢው ሁሉ ተራውን ስለሚለውጥ «ማለስ» ወደሚመስል ነገር ይጠጋል። «ማለስ» ቃል አይደለም። ሆኖም አስቀድሞ «መለሰ ይላል፤ ስማ!» የተባለ ሰው «መለሰ» ይሰማል፤ «ምላስ ይላል» የተባለውም «ምላስ» ይሰማል። ጆሮ ባዶ ድምፅ አይወድም፤ በተሰጠው ቃል ይሞላዋል።

ይህንኑ በካናዳ የሌትብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የሆኑት ቮኪና ሪድ በጥናት ፈትነው ውጤቱን በ1985 አሳትመውታል። ልዩ ልዩ ጽሑፎች በድምፅ ከተቀዱ በኋላ ተገልብጠው ለአድማጮች ተሰሙ። አድማጮቹ ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት ለይተዋል። የሰሙት የሕፃናት መዝሙር ይሁን፣ ክርስቲያናዊ ይሁን፣ ሰይጣናዊ ይሁን፣ ጸያፍ ይሁን ወይስ የንግድ ማስታወቂያ ግን ከአምስቱ አንዱን በዕጣ ከመገመት የተሻለ ሊለዩ አልቻሉም። ከጽሑፎቹ አንዱ ምን እንደ ነበር ብነግራችሁ ትደነቃላችሁ፤ በእኛ ዳዊት 22ኛው፣ በእነርሱ ቍጥር 23ኛው መዝሙር ነው። አጥኚዎቹ ከተገለበጠው ንባብ ውስጥ በአጋጣሚ እንግሊዝኛ የሚመስሉ ሐረጎችን ለቅመው «እዚህ ላይ እንዲህ ይላል» ብለው ሲናገሩ፣ ቀድሞ ምንም ያልሰሙት አድማጮች አብዛኞቹ የተነገራቸውን ሰሙ። ሳይነገራቸው ግን አልሰሙም።

በአገራችን የቅኔ ተማሪ «ወርቁን አገኘሁት» ቢል መምህሩ «ኅብሩን አሳየኝ» ይለዋል። ሰሙንም ወርቁንም የሚሸከመው አንዱ ቃል ተለይቶ ካልታየ ወርቁ የተማሪው ምኞት ነው። ይህ ሥርዓት ለዚህ ክስ ቢሠራበት ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር።

ይሁን እንጂ አልበሙን የሚቃወሙ ሁሉ ያለ ምክንያት ይቃወማሉ አልልም። ፔጅ በአሌስተር ክራውሊ ጽሑፎች እጅግ ይመሰጥ ነበር። ክራውሊ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአስማት ትምህርቱ የታወቀ እንግሊዛዊ ነው። ፔጅ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በስኮትላንድ በሎክ ኔስ ሐይቅ አጠገብ ያለውን፣ ቀድሞ የክራውሊ የነበረውን የቦለስኪን ቤት ገዝቷል። በለንደን የአስማት መጻሕፍት የሚሸጡበት መደብርም ነበረው። በሦስተኛው አልበም ሸክላ ጠርዝ ላይ የክራውሊ መመሪያ በእጅ ተጽፎ ተቀርጿል። ይህ ሁሉ ሸክላ ሳይገለበጥ የታወቀ ነው። «በዚህ ምክንያት አላዳምጠውም» የሚል ወንድም ካለ አቋሙን አከብራለሁ፤ ምስክሩ እውነት ነውና። «ወደ ኋላ ሲዞር ሰማሁት» ሲል ግን እውነተኛውን ምክንያቱን በሐሰተኛ ይለውጠዋል። የሰማው ሰው ሐሰተኛውን ሲደርስበት እውነተኛውንም አብሮ ይጥለዋል። ይህን የምለው በትምህርት ክፍል ጓደኞቼ ዘንድ ደጋግሜ ስላየሁት ነው።

ክሱ በወሬ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁ። ነገር ግን ሌላ ባንድ፣ ጁዳስ ፕሪስት፣ በ1978 ባወጣው አልበም ምክንያት በአሜሪካ በኔቫዳ ክፍለ አገር በሬኖ ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበ። በዲሴምበር 1985 ሁለት ወጣቶች ያንን አልበም ሲያዳምጡና ሲጠጡ ቆይተው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞከሩ። አንዱ ወዲያው ሞተ፤ ሁለተኛውም ክፉኛ ቈስሎ ከሦስት ዓመት በኋላ ዐረፈ። ቤተ ሰቦቻቸው በአንዱ ዘፈን ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ ገደላቸው ብለው ከሰሱ። በ1990 ጉዳዩ ለሳምንታት ተሰማ። ድምፃዊው ሮብ ሃልፎርድ ከዚያው አልበም ውስጥ ወደ ኋላ እያዞረ ስለ ተሰበረ ወንበር የሚናገር የሚመስል ድምፅ አውጥቶ ለፍርድ ቤቱ አሰማ። ዳኛው በኦገስት 1990 በሰጡት ፍርድ፣ ትእዛዝ የተባለው ድምፅ የዘፋኙ ትንፋሽና የጊታር ድምፅ በአጋጣሚ ተገናኝተው የፈጠሩት መሆኑን፣ ሆን ተብሎ እንዳልተደረገና ለሞቱም ምክንያት መሆኑ እንዳልተረጋገጠ ገልጸው ክሱን ዘጉት። በዚያው ችሎት ስለ ወጣቶቹ መጠጥና ዕፅ መውሰድ፣ ስለ ቤታቸውም ችግር ብዙ ተነግሯል። ያን ሁሉ ለመስማት ማንም ምንም ነገር መገልበጥ አላስፈለገውም። እነዚያን ልጆች አስቀድሞ የሚያዳምጣቸው ሰው አላገኙ ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

የሌድ ዜፕሊንም መጨረሻ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጆን ቦናም ሴፕቴምበር 25 ቀን 1980 በ32 ዓመቱ ሞተ። በአንድ ቀን ውስጥ አርባ መለኪያ የሚያህል ቮድካ ጠጥቶ በተኛበት ነው የቀረው። ባንዱም በዚያው ዓመት በዲሴምበር መበተኑን አስታወቀ። ሰባኪዎቹ ዘፈኑን ማዞር የጀመሩት ይህ ከሆነ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው።

በሚቀጥለው የውይይት ጊዜያችን ይህን ጕዳይ የሚያነሣ አባል ቢኖር ሙከራውን በአዳራሻችን ልናደርገው እንችላለን። ዘፈኑን ማምጣት አያስፈልግም። ከመካከላችን አንዱ 22ኛውን መዝሙረ ዳዊት በአማርኛ በስልኩ ይቅዳና ድምፁን ይገልብጠው፤ ይህን የሚሠራ ፕሮግራም በስልክ ላይ በቀላሉ ይገኛል። ቃለ እግዚአብሔርን መገልበጥ ቅር የሚለው ካለ የሰንበት ትምህርት ቤቱን የሳምንት ማስታወቂያ ያንብብ። ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ዐሥር ሰዎች ያዳምጡና እያንዳንዳቸው ሰማን የሚሉትን ለየብቻ በወረቀት ይጻፉ። ወረቀቶቹ ተሰብስበው በጉባኤው ፊት ይነበቡ።